«እንቁላልሽ አልቋል» ተብያለሁ፤ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 33 ነው፤ የምኖረው ጅማ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በፊት የሦስት ወር መርፌ እወጋ ነበር። የመጨረሻውን የተወጋሁት ባለፈው ሰኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ እየፈለግን ዘጠኝ ወር ሆነን። የወር አበባዬ የተመለሰው ኅዳር 23 ነው፤ አሁን በየ35 ቀኑ ይመጣል። የካቲት 3 መጣ፤ ደሙ ሲቆምልኝ ሄጄ ሆርሞን ተመረመርኩ። የወረቀቶቹን ፎቶ ልኬያለሁ። ኤፍ ኤስ ኤች 5.2፣ ኢስትራዲዮል 96፣ ፕሮላክቲን 34፣ ቲ ኤስ ኤች 2.1፣ ኤ ኤም ኤች 0.9 ይላል። በ21ኛው ቀን ደግሞ ፕሮጄስትሮን ታየልኝ፤ 0.8 ሆነ። መጋቢት 8 የወር አበባዬ መጣ። ግራ ሲገባኝ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሄጄ ኤ ኤም ኤች ደገምኩ፤ እዚያ ደግሞ 7.1 አሉኝ። የቱን ልመን? ላብራቶሪ የሚሠራ ዘመዳችን የመጀመሪያውን አይቶ ‹እንቁላልሽ አልቋል፣ ጊዜ ሳትፈጁ አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ዘር ከአካል ውጭ የሚገናኙበት ሕክምና) አስደርጉ› አለን። ባለቤቴ ከፊተኛው ትዳሩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስላለው ‹እኔ ምን ያስመረምረኛል› ይላል። ለጨጓራዬ ፕላሲል እወስዳለሁ። ቡናም ተዪ ተብያለሁ። ለሕክምናው ወደ አዲስ አበባ ልሂድ ወይ? ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። እንቁላልሽ አላለቀም። የወር አበባዋ በየ35 ቀኑ ጠብቆ የሚመጣ ሴት እንቁላሏ አልቋል አይባልም። ግን «ምንም የለብሽም፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ» ብዬም አልሸኝሽም። ወረቀትሽ ላይ ትኩረት የሚፈልግ ነገር አለ። ደግሞ ጨርሶ መነበብ የሌለባቸው ቁጥሮች አሉ። ዘመዳችሁ ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው ያነበባቸው።

የእንቁላል ክምችት ከሚገመትበት ሆርሞን፣ ከሁለቱ ኤ ኤም ኤች ልጀምር። 0.9 እና 7.1 የሚጣሉ ውጤቶች አይደሉም። ከቁጥሩ ጎን በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን መለኪያ እዪ። የመጀመሪያው ወረቀት የጻፈው በናኖግራም በሚሊሊትር ነው። የአዲስ አበባው ደግሞ በፒኮሞል በሊትር። ናኖግራሙን በ7.14 ስታባዢው ፒኮሞሉን ታገኛለሽ። 7.1ን ለ7.14 ብታካፍዪው ደግሞ 1 ገደማ ይሆናል። 0.9 እና 1 በሁለት ማሽን የወጣ አንድ ውጤት በዪው። በሁለት ላብራቶሪ መካከል ይህን ያህል መለያየት የተለመደ ነው። ይቺን መለኪያ ሳያዩ በከንቱ እልል ያሉም፣ በከንቱ አልቅሰው ያደሩም ገጥመውኛል። ሦስተኛ ጊዜ ለመድገም ገንዘብ አታውጪ።

ታዲያ 1 ምን ማለት ነው? ኤ ኤም ኤች የሚመነጨው እንቁልጢ ውስጥ ማደግ ከጀመሩ ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ነው። ከረጢቶቹ ብዙ ከሆኑ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ጥቂት ከሆኑ ዝቅ ይላል። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ነው። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራታል። ከዚያ ሁሉ በዕድሜዋ ሙሉ ተለቅቆ የሚወጣው 400 ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በየወሩ እዚያው ይከስማል። መርፌ ብትወጋም ባትወጋም፣ ብታረግዝም ባታረግዝም መክሰሙ አይቀርም። ስለዚህ «መርፌው ነው እንቁላሌን የጨረሰው» የሚለውን ሐሳብ ካለሽ ከጭንቅላትሽ አውጪው።

ለጅማ ሰው በቡና ልንገርሽ። ኤ ኤም ኤች የሚገምተው መጋዘኑ ውስጥ ስንት ጆንያ እንደቀረ ነው። ቡናው አንደኛ ደረጃ ይሁን አምስተኛ አይናገርም። የእንቁላልን ጥራት በዋናነት የሚወስነው ዕድሜ ነው፤ አንቺ ደግሞ ገና 33 ነሽ። በየወሩ ለእርግዝና የሚያስፈልገውም አንድ እንቁላል ብቻ ነው።

ይህን ለማጽናናት ያህል አይደለም የምለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 የሆኑ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውና ገና መሞከር የጀመሩ 750 ሴቶችን የተከታተለ ነው። ኤ ኤም ኤች ከ0.7 በታች የሆነባቸው ሴቶች በ12 የወር አበባ ዙር ውስጥ ያረገዙበት መጠን ከሌሎቹ አላነሰም። ማለትም ቁጥሩ በተፈጥሮ መንገድ ለማርገዝ ያለሽን ዕድል አይተነብይም። ሲሆን ሲሆን «ልጅ ላገኝ እችላለሁ ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ፍለጋ ብቻውን ባይታዘዝ ደስ ይለኝ ነበር።

ይሁንና ለ33 ዓመት ሴት 1 ዝቅ ያለ ነው። ብዙ ሐኪሞች ክምችት ቀንሷል የሚሉት ከ1 ወይም ከ1.1 ሲወርድ ነው፤ አንቺ እዚያው ጠርዙ ላይ ነሽ። ትርጉሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንድ ቀን አይ ቪ ኤፍ ቢያስፈልግሽ በመርፌ ተነቃቅቶ የሚገኘው የእንቁላል ብዛት ጥቂት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ያለሽ ጊዜ ከእኩዮችሽ ያጠረ ሊሆን ስለሚችል ነገሩን ለዓመታት ማሳደር አይበጅም። ከ35 ዓመት በታች ላለች ሴት በተለምዶ አንድ ዓመት ሞክሪ እንላለን። ላንቺ ግን ስድስት ወር ይበቃል ባይ ነኝ። ምርመራውን ደግሞ ከአሁኑ እንጀምረው።

ሐኪምሽ ዘንድ ስትቀርቢ ሳትጠየቂም ብትናገሪ የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ። እንቁልጢሽ ላይ ለሲስት (ፈሳሽ ለቋጠረ እብጠት) ኦፕራሲዮን ተደርጎልሽ ያውቃል? የካንሰር መድኃኒት ወይም ጨረር ወስደሽ ታውቂያለሽ? እናትሽ ወይም እህትሽ ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባቸው ተቋርጦ ያውቃል? ሲጋራ ታጨሻለሽ? ለመጠየቅ የምናፍርበት ጥያቄ ነው፤ ለመመለስ ግን አትፈሪ። ክምችትን ለማረጋገጥ ደግሞ ሁለተኛ ምስክር አለን። በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ በሁለቱም እንቁልጢዎች ላይ ያሉት ትንንሽ ከረጢቶች ይቆጠራሉ። ድምሩ ከ5 እስከ 7 ባለው ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤ ኤም ኤቹ እውነቱን ነው እንላለን። ከዚያ ሰፋ ብሎ ከተገኘ ነገሩ ቀለል ይላል።

አሁን ወደ ኤፍ ኤስ ኤች። ፎቶውን ሳየው ቀኑ 16/02 ይላል። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ የካቲት 9 ማለት ነው። የወር አበባሽ የመጣው የካቲት 3 ነው። ስለዚህ ደም የተቀዳው በሰባተኛው ቀን ነው! «ደሙ ሲቆምልኝ» ያልሽው ራሱ ይመሰክራል። ብዙ ሴቶች ደም እያላቸው መመርመር ያፍራሉ፤ ወይም አይሆንም ብለው ያስባሉ። ኤፍ ኤስ ኤች እና ኢስትራዲዮል (ከእንቁልጢ የሚወጣው የሴት ሆርሞን) ግን የሚለኩት ደሙ እያለ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው። አንደኛ ቀን የምንለው ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበትን ቀን ነው፤ ጠብታ የታየበትን አይደለም።

ቀኑ ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃል? ኤፍ ኤስ ኤች ከአንጎል ሥር ካለ ዕጢ ወጥቶ እንቁልጢን «ሥሪ» የሚል ሆርሞን ነው። እንቁልጢ ሲደክም ትእዛዙ ይበረታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 በላይ መሆኑ ክምችት እየቀነሰ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። ከ25 በላይ ሆኖ የወር አበባም ከተዛባ ደግሞ እንቁልጢ ያለጊዜዋ ሥራ ማቆሟን እንጠረጥራለን። በሰባተኛው ቀን ግን አንድ ከረጢት አድጎ ኢስትራዲዮል ማምረት ጀምሯል። ያንቺ 96 የሆነው ለዚህ ነው። ኢስትራዲዮል ሲወጣ ደግሞ ኤፍ ኤስ ኤችን ይጫነዋል። ስለዚህ 5.2 ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ የማይነበብ ቁጥር ነው። በሚቀጥለው የወር አበባ ሁለቱም አንድ ላይ፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይደገሙ። ኤ ኤም ኤች ግን በየትኛውም ቀን ቢቀዳ ግድ የለውም፤ እሱን ያመንኩት ለዚህ ነው።

ፕሮጄስትሮንም እንዲሁ በቀን ተጠልፏል። «በ21ኛው ቀን ይታይ» የሚባለው የወር አበባዋ በ28 ቀን ለሚመጣ ሴት ነው። ምርመራው መሆን ያለበት ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ ሰባት ቀን በፊት ነው። አንቺ በ21ኛው ቀን፣ የካቲት 23 ተቀዳሽ። የወር አበባሽ የመጣው መጋቢት 8 ነው። እንቁላል የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ከቀጣዩ የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ደም ስትሰጪ እንግዲህ እንቁላሉ ገና ሊለቀቅ ሲል ወይም በዚያው ቀን ነበርሽ። ፕሮጄስትሮን የሚወጣው ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ 0.8 መሆኑ አያስገርምም። ትክክለኛው ቀን መጋቢት 1 ነበር። በዚህኛው ዙር ሚያዝያ 6 ገደማ ይሁን። ከ3 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላል ተለቅቋል ማለት ነው።

የታይሮይድ ዕጢ ምርመራው፣ ቲ ኤስ ኤች 2.1 ደህና ነው፤ እለፊው።

የጡት ወተት ሆርሞን የሆነው ፕሮላክቲን 34 ነው፤ ከመደበኛው ጣሪያ ከ25 ትንሽ ይዘላል። ግን ፕላሲል እየወሰድሽ ነው። ፕላሲል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ፕሮላክቲንን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ድንጋጤ፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጡት መነካካት እንኳ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ያዘዘልሽን ሐኪም አማክረሽ፣ መድኃኒቱን ለጥቂት ቀናት አቁመሽ ይደገም። ከእንቅልፍ ከተነሳሽ ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ምግብ ሳትቀምሺ፣ እዚያው ትንሽ አረፍ ብለሽ ተቀጂ። በዚህ ቁጥር ብቻ ፕሮላክቲን የሚያወርደውን ብሮሞክሪፕቲን ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ቫይታሚን ውስጥ ባዮቲን አለ። ብዙ መጠን ሲሆን የሆርሞን ምርመራን ያሳስታል። የምትወስጂ ከሆነ ከምርመራው ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ አቁሚ።

አሁን ወደ ዘጠኙ ወር። እኔ ዘጠኝ አልቆጥረውም። የሰኔው መርፌ እስከ መስከረም ይሠራል። ከዚያም በኋላ ቶሎ አይለቅም። የሦስት ወር መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ ዘጠኝ አሥር ወር ይፈጅባታል፤ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረው ሲወጣ ግን ማርገዝ ቶሎ ይመለሳል። አንቺ የወር አበባሽ ከተመለሰ ያለፈው ሦስት ሙሉ ዙር ነው። እነዚያንም ስትሞክሩ በ14ኛው ቀን አካባቢ ብቻ ከሆነ፣ ላንቺ ገና ነበር። ያንቺ ምቹ ጊዜ ከ16ኛው እስከ 22ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ በዚህ ዙር ከመጋቢት 23 እስከ 29 ማለት ነው። ያን ሰሞን ቀን በቀን ወይም ቀን እየዘለላችሁ ተገናኙ። በጾም ምክንያት የምትታቀቡበት ዙር ካለ ደግሞ ከሙከራው አትቁጠሩት። ይህን ረስተው «ዓመት ሞከርን» የሚሉ ጥንዶች ጥቂት አይደሉም።

ባለቤትሽን በተመለከተ ግን ጠንከር ልበል። ካንቺ እስካሁን ስንት ብልቃጥ ደም ተቀዳ፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ ላብራቶሪ አልረገጠም። ልጅ ከማጣት ምክንያቶች ግማሽ በሚጠጋው ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚመሰክረው ከዘጠኝ ዓመት በላይ ስለሆነው ጊዜ ነው። የዛሬውን አይናገርም። የዘር ፍሬ ለመመረት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። በመካከል ኃይለኛ ትኩሳት ከገባ ቁጥሩ ይወርዳል። እዚህ አካባቢ ወባ የተለመደ ስለሆነ ሁልጊዜ የምጠይቀው ነው፦ ባለፉት ሦስት ወራት ወባ ይዞት ያውቃል? ከያዘው ውጤቱ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ሲጋራም ዘርን እንደሚጎዳ ንገሪው።

ምርመራው ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል። ናሙናው ቤት ከተሰጠ ሰውነት ሙቀት ላይ ሆኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፤ በኮንዶም ተይዞ አይመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ ዝቅተኛ መነሻ አድርጎ የሚጠቅሰው መጠን 1.4 ሚሊሊትር፣ በአንድ ሚሊሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ ከነዚህም 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ ነው። ከዚህ ወረደ ማለት መካን ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ ናሙና ይታያል፣ ሐኪም ያየዋል። «አንተ ስለተጠረጠርክ» ሳይሆን «ሐኪሙ የሁለታችንንም ካላየ አልጀምርም ብሏል» በዪው። እውነትም ነው፤ እኔ አልጀምርም።

ኤ ኤም ኤች የማይነግርሽ ሌላው ነገር ቱቦሽ ክፍት መሆኑን ነው። በአገራችን በኢንፌክሽን የተዘጋ ቱቦ በመካንነት ምክንያትነት በተደጋጋሚ የምናገኘው ነው። ከዚህ በፊት ታክሞ ያልዳነ የማህፀን ኢንፌክሽን፣ ከውርጃ በኋላ ትኩሳት፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ከነበረ ቀድሞ ይታሰባል። ቀለም ተረጭቶ የሚነሳ የቱቦ ራጅ አለ። የሚደረገው ደሙ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመለቀቁ በፊት ባሉት ቀናት ነው። ትንሽ ያማል፤ ራጁ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ማስታገሻ ውሰጂ ይሉሻል። መቼም ክምችቷ ሞልቶ ቱቦዋ የተዘጋ ሴት ከአንቺ የባሰ ችግር ላይ ናት፤ እሷን ግን ማንም «እንቁላልሽ አልቋል» አላላትም።

ወደ አዲስ አበባ ልሂድ ወይ ላልሽው፣ አሁን አይደለም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘሽ የሚጠይቁሽ እነዚህኑ ነው፦ በትክክለኛው ቀን የተቀዳ ሆርሞን፣ የከረጢት ቆጠራ፣ የባል ምርመራ፣ ቱቦ። ምርመራውን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም አንድ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ያለበት ቦታ መጀመር ትችያለሽ። የባልሽ ዘር በጣም አነስተኛ ከሆነ፣ ሁለቱም ቱቦ ከተዘጋ፣ ወይም ስድስቱ ወር ካለፈ ያኔ መሄድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው፤ የግልም አሉ። በዚያ ጊዜ ግን አትለግሙ። ኤ ኤም ኤች 1 ያላት ሴት 38 ዓመት እስኪሞላት ስትጠብቅ ማየት አልፈልግም።

ኤ ኤም ኤችን ከፍ ያደርጋል ተብሎ የሚሸጥ እንክብልም ሆነ ሥራሥር አትግዢ። የከሰመ እንቁላልን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሥራሥሩ ደግሞ የጉበት ሕመም ይዞ ሊመጣ ይችላል። አሁኑኑ የምትጀምሪው አንድ ኪኒን ካለ ፎሊክ አሲድ ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም። ከእርግዝና በፊት ሲጀመር ነው የሕፃኑን የአከርካሪና የጭንቅላት ክፍተት የሚከላከለው። ይህ ችግር በአገራችን በብዛት አለ።

ቡናውን ማን እንደከለከለሽ አላውቅም፤ ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዪ ማለት ራሱ ያሳምማል። በቀን እስከ 200 ሚሊግራም ካፌን አይከለከልም። አቦልና ቶና ጠጥተሽ በረካውን ለጎረቤት ብትተዪላት ይበቃል። ጨጓራሽን ካመመሽ ግን ምክንያቱ ሌላ ነውና እሱን ለሐኪምሽ ንገሪ።

የሚቀጥለው የወር አበባሽ ሚያዝያ 13 ገደማ ይጠበቃል። ከመጣ ከ14 እስከ 16 ባሉት ቀናት ሄደሽ ተቀጂ፤ ደሙ እንዲቆም አትጠብቂ። ካልመጣና ሳምንት ካለፈው ደግሞ ሆርሞን ከማስመርመርሽ በፊት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። የቱቦ ራጅም ሆነ አዲስ መድኃኒት ከዚያ በኋላ ነው።